አባዬ ድር አድርጎ የወጠረው ጊታር

የአናጢ ኮላ ሲሸተኝ ሽሮ ሜዳ ያለው ቤታችን፣ አባዬም እግሩን የሸማ ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይታየኛል። አጎቴ የሰጠኝ ጊታር ቤታችን የገባው በክረምት ነበር፤ አንገቱ ሰፊ፣ ክሩ ናይሎን፣ ለልጅ ጣት የሚራራ ክላሲክ ጊታር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አባዬም ሲሸምን፣ የጊታሩ ድምፅ ለራሴ እንኳ አይሰማኝም ነበር። እኔ ግን እልኸኛ ነኝና ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጥፌ እለማመድ ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ጋሽ ታምራት «ለአዲስ ዓመት ጊታሩን አንቺ ትጫወቻለሽ» አለኝ። ከዚያ በፊት ሴት ልጅ ጊታር ይዛ እዚያ መድረክ ላይ ወጥታ ስለማታውቅ፣ ነገሩ የሞት ሽረት ሆነብኝ። አባዬ ደግሞ ከእኔ ባሰ። ሸማኔ ነውና የላላ ክር አይወድም፤ «የማይጮኸው ላልቶ ነው» ብሎ ናይሎኑን አወለቀና፣ ከአዲሱ ገበያ የሽቦ ክር ገዝቶ፣ ልክ እንደ ድር ግጥም አድርጎ ወጠረው። ድምፁ እውነትም ቤቱን ሞላው፤ ተያይተን ሳቅን። በዋዜማው ጠዋት ግን ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት ከነኮላው ተገንጥሎ አገኘነው፣ እኔም ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ ታምራት አገላብጦ አየውና «የሽቦን ጉተታ የሚችለው ደረተ ሰፊው ጊታር፣ ውስጡ በደንብ የተደገፈው ነው፤ ባለ አሥራ ሁለት ክሩማ ከዚያም የጠነከረ ይፈልጋል። ይኼ ለናይሎን የተሠራ ነው» አለን። አባዬ የአናጢ ኮላ ፈልጎ አመጣ። እሱን ቀብቶ፣ በድር ክር ጠፍሮ አሰረውና፣ ሲደርቅ ናይሎኑን መለሰለት። ኮላው ሳይደርቅ አዲስ ዓመት ስለደረሰ ግን ሌላ ሰው ተጫወተ።

በጋ ሲገባ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ መወርወሪያውን ያስቀምጥና «በይ፣ አሁን ይሰማል» ይለኝ ነበር። የታዘዘው ጋቢ ሲዘገይ እናቴ ብታጉረመርምም፣ እኔ ሳልጨርስ ሽመናውን አይቀጥልም ነበር። ያንን ጆሮ የለመድኩ ልጅ ምን ያስፈራኛል፤ ለገና መድረኩ ላይ ወጥቼ ተጫወትኩ።

ዛሬ ጊታር አስተምራለሁ፣ ሙያዬንም ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ክላሲኩም፣ ባለ ሽቦውም፣ ድምፅ ማጉያ ላይ የሚሰካውም አለኝ፤ ካሻኝ አዳራሽ አናውጣለሁ። እኔን ለመስማት ማንም ሥራውን ማቆም አያስፈልገውም፤ የሚያቆምልኝም የለም።