የወፈረው ጨረር

አብርሆት ባጃጅ ውስጥ ለትርፍ ሰው አትጠጋም። የጭሮ ከተማ ሾፌሮች ሁሉ ያውቋታል። «ወንበሩ ለሦስት ነው!» ካለች አለች፤ ቢለምኗት፣ ቢቆጧት ንቅንቅ የለም። ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የፊዚክስ መምህርት ናት። «ይቺማ ዓመት አትቆይም» ያሉት ሁሉ አፍረዋል።

የምታስተምርበት ኮሌጅ መድኃኒትን በሌዘር የሚመረምር መሣሪያ አለው። ራማን ይሉታል። ጨረሩ ክኒኑ ላይ ሲያርፍ የሚመለሰው ብርሃን ኮምፒውተሩ ላይ ጫፍ ጫፍ ያለው መስመር ይሠራል፤ እያንዳንዱ መድኃኒትም የራሱ ጫፎች አሉት። ኮምፒውተሩ ትክክለኛው ምን መምሰል እንዳለበት በስሌት ይተነብይና ያስተያያል።

ክረምት ላይ፣ አብርሆት ለእረፍት አገሯ ሳለች፣ መብራት ሄድ መጣ ሲል ሌዘሩ ተቃጠለ። የኮሌጁ ሰዎች በርካሽ ሌዘር ተኩት። ጨረሩ መውጣቱን አይተው «ሠራ!» አሉና ተገላገሉ። ብዙም ሳይቆይ የከተማው የመድኃኒት ቁጥጥር ኮሚቴ ከየሺሐረግ መድኃኒት ቤት ክኒን አምጥቶ አስመረመረ። ኮምፒውተሩ «ሐሰተኛ» አለ፤ ሱቁ ታሸገ። ያ አልበቃ ብሎ የሙሜ ባጃጅ ሞንታርቦ ጭኖ «የሺሐረግ ሐሰተኛ መድኃኒት ትሸጣለች» እያለ ከገበያ እስከ መናኸሪያ ለፈፈ። ከሂርና ድረስ መድኃኒት ብሎ ወደ እሷ ይመጣ የነበረ ሰው ፊቱን አዞረባት። የስንት ዓመት ስሟ በአንድ ከሰዓት አፈር በላ።

አብርሆት ተመልሳ ስትሰማ ደሟ ፈላ። መሣሪያውን ፈትሻ ኮሚቴውን ሰበሰበች።

«መሣሪያ አይዋሽም» አሉ ሰብሳቢው አቶ አጥናፉ።

«አልዋሸም። ያልነገርነውን ከየት ያምጣ?» ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ በሹሉ ሁለት የተጠጋጉ መስመሮች አሰመረች። ከሥራቸው በጠመኔው ጎን ደገመቻቸው፤ አንድ ወፍራም መስመር ሆኑ። «ይኸው! የድሮው ጨረር ቀጭን ነበር፤ አዲሱ ወፍራም ነው፣ የተጠጋጉትን ጫፎች ያዋሕዳል። ስሌቱን ግን ማንም አልነካውም። ሁለት ጫፍ ሲጠብቅ አንድ አየ፣ ሐሰተኛ አለ።»

«ይሄ ሰበብ ነው!»

«እንግዲያው የእርስዎን የግፊት ክኒን ይስጡኝ።»

አቶ አጥናፉ አዲስ አበባ ካለ ዘመዳቸው የሚላክላቸውን ክኒን ኮራ ብለው አወጡ። ኮምፒውተሩ «ሐሰተኛ» አለ። አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አብርሆት የአዲሱን ጨረር ውፍረት ስሌቱ ውስጥ አስገብታ እንደገና መረመረች። የእሳቸውም የየሺሐረግም ትክክለኛ ሆነ።

«በቃ፣ እሽጉን ነገ በጸጥታ እናነሳለን» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

«በጸጥታ? ስሟን በጸጥታ ነው ያጠፋችሁት? ሞንታርቦው ይመለስ!»

«የመሥሪያ ቤቱስ ክብር?»

«የእሷስ?»

እንቢ አሉ። እሷም እንቢ ብላ በሩን ከፍታ ወጣች። ሙሜን መናኸሪያ አገኘችው።

«ወላሂ፣ መምህርት፣ እኔ በል የተባልኩትን ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ። አሁን ደግሞ እኔ የምልህን ትላለህ።»

ሞንታርቦውና ባትሪው ወንበሩን አጣበቡት። እሷ በአማርኛ፣ ሙሜ በኦሮምኛ እየለፈፉ ገበያውን አቋረጡ። «የየሺሐረግ መድኃኒት ደህና ነው! የተሳሳትነው እኛ ነን! ስሜ አብርሆት ነው፤ ጥያቄ ያለው ኮሌጅ ይምጣ!»

የሺሐረግ ድምፁን ሰምታ ከታሸገው በር ፊት ቆማ ነበር። ሙሜ ፍሬን ያዘ። ሴትዮዋ የሞላውን ባጃጅ አየችና ወደኋላ አለች።

«ነይ ግቢ» አለች አብርሆት፤ ተጠጋችላት።