የእህቴ ውሻ

ትናንት ዝናቡ ሲያይል የልጅ ልጄ ውሻ ሾልኮ ገባና መደቡ ላይ፣ በሱፍ ባናዬ ላይ ተጠቅልሎ ተኛ፤ የራሰ ውሻና የሱፍ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ፣ ጥርሴን ጨርሼ እንኳ ያልጨረስኩት የልጅነት ቅናት ተነሳብኝ። ይሄ ውሻ ሰሞኑን የጎረቤታችንን ክንድ ነክሶ ሰፈሩን አስቀይሞብናል። ልጅቷ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥራ አግኝታ ልትሄድ ነው፤ "እማማ፣ ይዤው ልሂድ ወይስ ለሰው ልስጠው?" እያለች ትጨነቃለች። እኔ ግን ልቤ የተወለድኩበት አገር ቀየት ሄዷል፣ አባቴ ደጅ።

አባቴ ከድንበርተኛው ጋር ተኳርፎ ስለነበር፣ በነገር ሊወጋው ብሎ የቤታችንን ቡችላ "ማናለብኝ" አለው፤ ውሻው ግን የተባለው ለሱ መስሎት ስሙን አምኖ አደገ። ታላቅ እህቴ አስካለ የገብስ ቆሎ እያኘከች ነው አጉርሳ ያሳደገችው። ለእኔም አኝኪልኝ ስላት "አንቺ ጥርስ አለሽ፣ ለዚያውም ምላስ ጨምረሽ" ትለኛለች። አንድ ባና ለብሰን ስንተኛ እንኳ እጇ እሱን እሱን ይሸታል፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር።

አንድ ቀን አስካለን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከራቤል በኩል መጡ። ሽማግሌ መቼም የመጣበትን ሳይናገር፣ ተቀመጡ ሳይባል፣ ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ነውር ነው። ማናለብኝ ይህን ወግ ከየት ይወቀው፣ ዘሎ የትልቁን ሽማግሌ ባት ያዘ። እሳቸውም እግራቸው እየደማ፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ "ልጃችሁን ለልጃችን" ብለው እስከ መጨረሻው ተናገሩ።

አባቴ በሀፍረት ቀልጦ፣ ውሻውን ገደል እሰደዋለሁ ብሎ ማለ። አስካለ ምሰሶውን አቅፋ፣ እሱ ከሞተ ባል የሚባል አላገባም ብላ ታለቅሳለች። እኔ ከጋኑ ጀርባ ተወሽቄ፣ ብቻ ይሂድልኝ፣ አስካለን ለብቻዬ ላግኛት እያልኩ ስለት እሳላለሁ። ሽማግሌው ቁስላቸው ታጥቦ ሲታሰርላቸው ሳቁና "ተው ወንድሜ፣ ጥሎሹን በባቴ ከፍያለሁ፤ ውሻውንም ከሙሽራዋ ጋር ስጠን፣ ጅብ በጎቻችንን ጨርሶናል" አሉ።

በሠርጉ እሷ በበቅሎ፣ እሱ በገመድ ሆነው ወጡ። እኔም ልሂድ ብዬ እርካቡን ብይዝ እናቴ ጣቶቼን እያላቀቀች መለሰችኝ። ይሂድልኝ ያልኩት ሄደልኝ፣ ለዚያውም ከእሷ ጋር። ያ የምንሻማበት ባና ሰፍቶ ሰፍቶ አላሞቅ አለኝ።

ቆይቼ ልጠይቃት ብሄድ፣ ማናለብኝ እኔኑ እንደ ሌባ ቆጥሮ ከአጥሩ ዘሎ ወጣብኝ። አስካለ እየሮጠች መጣች፤ መጀመሪያ የሱን አንገት አቀፈች፣ እኔን የሳመችኝ ኋላ ነው። አሁን ማናለብኝም የለ፣ አስካለም አፈር ከለበሰች ቆየች፤ እኔ ግን ያቺን መቀደም እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ዛሬ ጠዋት ለልጅቷ ነገርኳት። ውሻው አይሄድም፤ መርፌውን አስወግተሽው፣ ጠንካራ ሰንሰለት ገዝተሽለት እዚሁ ከእኔ ጋር ይቅር አልኳት። ለኔ ስትይ ነይ ብላት መንገዱ ይርቃታል፣ ለሱ ስትል ግን ትመጣለች። አንገቱን ታቅፍ መጀመሪያ፣ ግዴለም፤ ኋላ ደግሞ ዞራ እኔን ትስመኛለች።