ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ፣ የአደን ዕቃ መደብር ውስጥ እሠራለሁ። መግደያ መሸጤ ሕሊናዬን ይቆረቁረዋል፤ ባሩድ ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ መኮንን ከሲልቨር ስፕሪንግ መጡ። ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ፣ የጥይታቸውን ቀለህ በገዛ እጃቸው ባሩድ የሚሞሉ አዛውንት ናቸው።

«ቀስ ብሎ የሚነደውን ባሩድ ስጪኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የጠመንጃዎ አፈሙዝ አጭር ነው። ባሩዱ ነዶ ሳያልቅ ጥይቱ ይወጣል፤ የተረፈው ደጅ ይነድና ዓይንዎን ያጭበረብረዋል፣ ጆሮዎን ያደነቁረዋል። ፈጣኑን ይውሰዱ።»

እያወቅሁ የማይሆን ባሩድ ሸጬ ሌላ ኀጢአት መጨመር አልፈለግሁም።

«ፈጣኑን ሞክሬ አየሁት። ሚስቴ ያደንሁትን ሥጋ ኪችን አላስገባም አለች።»

«ተበላሽቶ ነው?»

«ሳይባረክ ሞቶ ነው እንጂ!»

«ታዲያ ከመተኮስዎ በፊት አይባርኩም?»

«አንቺ ልጅ፣ በግ ሲታረድ በስመ አብ የሚባለው ቢላው አንገቱ ላይ ሲያርፍ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እኔም ቃታውን ስስብ እጀምራለሁ።» የፈጣኑን ባሩድ ቆርቆሮ በንቀት ገፋ አደረጉት። «በዚህኛው ግን ገና ‹ወወልድ› ሳልል አጋዘኑ ይወድቃል!»