በጥቁር ፌስታል የያዝኩት ኩሽኔታ፦ ከመካኒሳ ነፋስ ስልክ ደርሶ መልስ

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመካኒሳ ቤቴ ወጣሁ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ በጎፋ አድርጎ ነፋስ ስልክ ደርሶ መመለስ ነው። በአንድ እጄ የመፍቻ ሳጥኔን፣ በሌላው በጥቁር ፌስታል የጠቀለልኩትን የተበላ ኩሽኔታ ይዣለሁ።

ኩሽኔታው፣ ዘንግ የሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት፣ የወጣው ከደንበኛዬ ከከድር የኮምፕሬሰር ሞተር ነው። ከድር ነፋስ ስልክ ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያመርታል፤ ያለ ኮምፕሬሰሩ አየር አንድ ጠርሙስ አይነፋለትም። ሞተሩን ከኮምፕሬሰሩ ጋር አገጣጥሜ የተከልኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አምስት ወራት ሞተሩ ሦስት ኩሽኔታ በላ። ትናንት ደውሎ፣ «ሰናይት፣ አራተኛ አልገዛም። ነገ መላ ካላገኘሽለት ሌላ ሰው እጠራለሁ» አለኝ። እኛ ሰፈር ደግሞ ወሬ ከታክሲ ይፈጥናል፤ አንድ ደንበኛ ያጣ መካኒክ ሌሎቹን ለማጣት ሳምንት አይፈጅበትም።

እኔ ጥፋተኛውን አግኝቼዋለሁ ባይ ነበርኩ። ኩሽኔታው ፎርጅድ ነው! ይህንኑ የሚመሰክርልኝ ሽማግሌ ፍለጋ ነው መጀመሪያ ወደ ጎፋ ያመራሁት።

ሌሊት የዘነበው ዝናብ መንገዱ ዳር ተኝቷል። የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው። ረዳቱ ሳጥኔን አይቶ፣ «ማዘር፣ ይሄ እኮ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል» አለኝ።

«ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ።»

«ጭንሽ ከቻለው ምን ቸገረኝ!»

እስከ ጎፋ ቻለው፤ ስወርድ ግን ለጥቂት ደቂቃ አነከስኩ።

ጎፋ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

ጋሽ ተሰማ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ጥገና ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በረንዳቸው ላይ ወንበር አቅርበውልኝ ኩሽኔታውን ተቀበሉኝ። ውጫዊውን ቀለበት ወደ ፀሐይ አዙረው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ፎርጅድ ነው አይደል?» አልኩ ቸኩዬ።

«ቆይ እንጂ። ኳሶቹ የሄዱበትን መስመር እዪው። ቀጥ ብሎ ነው የዞረው?»

አየሁት። መስመሩ በአንድ በኩል ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ሸሽቷል።

«ኩሽኔታው ምንም አላጠፋም» አሉ። «የሞተሩና የኮምፕሬሰሩ ዘንግ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የሚዞረው። እግሮቹን አይተሻል?»

«የምን እግር?»

«የሞተሩን አራት እግሮች ነዋ! ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፍቺ። ስትፈቺው ብድግ የሚል እግር ካለ፣ ያ እግር መሬቱን ሳይረግጥ በጉልበት ነው የተያዘው ማለት ነው። እሱ ሲጠብቅ ሞተሩ ይጣመማል፤ ዘንጉም አብሮት።»

ከቁም ሣጥናቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ባለመርፌ መለኪያ አወጡ። ሲሰጡኝ ደነገጥኩ፤ ይህን መለኪያ ለሰው አውሰው አያውቁም። «ዛሬውኑ መልሺው» አሉኝ።

ነፋስ ስልክ፣ አምስት ሰዓት

ከጎፋ ወደ ነፋስ ስልክ ያለውን መንገድ ስለ እግር ሳስብ ነው የጨረስኩት። ከድር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ማሽኖቹ ጸጥ ብለዋል፤ ሠራተኞቹ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ወላሂ ሰናይት፣ ዛሬ ከዚህ በላይ አታስቁሚኝ» አለ።

የመጀመሪያውን ቡሎን ለመፍታት ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! እንዲህ አድርጌ አላሰርኩትም። «ይሄን ማን ነው ያጠበቀው?» ስል ዘበኛው አባባ ደምሴ ከኋላ መጡ፤ ደስ ብሏቸዋል።

«እኔ ነኛ! ጠዋት በሩን እንደከፈትኩ ሁሉንም አጠብቃለሁ። ይንቀጠቀጥ የለ እንዴ? ከእኔ ጉልበት በላይ ሲሆንማ ይቺን ቱቦ ችያቤው እጀታ ላይ ሰክቼ እጠመዝዘዋለሁ» ብለው ክንድ የሚያክል የብረት ቱቦ አሳዩን።

ከድር ፊቱ ተለወጠ። «አባባ! ማን አዘዘዎት? ሦስት ኩሽኔታ ያስበሉኝ እርስዎ ነዎት ማለት ነው? ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ!»

ሽማግሌው ቱቧቸውን እንደያዙ ቀሩ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ እፎይ አልኩ። ጥፋቱ ከእኔ ላይ ወርዶ ነበር።

መለኪያውን አስሬ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ሦስቱ እግሮች ንቅንቅ አላሉም። አራተኛው ሲፈታ መርፌዋ ዘለለች። ከእግሩ ስር ያለውን ጎትቼ ሳወጣ አራት ቁራጭ ቆርቆሮ እጄ ላይ ወደቀ፤ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ፣ ቢጫ ቀለሙ እንኳ ያልተፋቀ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሞተሩን በተከልን ቀን ያ እግር ክፍተት ነበረው፤ ከድር ቶሎ በይ ሲለኝ አራቱን ደራርቤ ወተፍኩት። ቀለሙ ሲደቅቅ ቡሎኑ ላላ፣ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ ሽማግሌው አጠበቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ቆርቆሮዎቹን ኪሴ ብከት ማንም አያይም ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ጥፋት ሲቆረስ ግን ትንሿን ለራሳችን የምናስቀር ብዙ ነን። አባባ ደምሴን አየኋቸው። ካፖርታቸውን ሊያነሱ ጎንበስ ብለዋል።

«ከድር» አልኩ፣ «ይሄን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በደንብ ብሠራው ኖሮ አይላላም፤ ባይላላ አባባም አይነኩትም። አፍሬያለሁ።»

ቆርቆሮዎቹን ተቀብሎ ብዙ አገላበጣቸውና መለሰልኝ። ከዚያ «አባባ፣ ካፖርትዎን ያስቀምጡ፤ አውፍ ይበሉኝ» አለ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺን ገና አስብበታለሁ። መጀመሪያ ሥሪው።»

ጎረቤት ካለ ብረታ ብረት ቤት በክፍተቱ ልክ አንድ ወጥ ላሜራ አስቆረጥኩ፤ መቶ ሃምሳ ብር፣ ከኪሴ። ምሳ ሽሮ በላን፤ ሂሳቡን አባባ ደምሴ ካልከፈልኩ ብለው ታገሉን። በራሴ ብር የገዛሁትን አራተኛ ኩሽኔታ አስገብቼ፣ ሁለቱን ዘንጎች በመለኪያው አስተካክዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስነሳነው። ከድር ሳንቲም አውጥቶ ሞተሩ ላይ በጠርዙ አቆማት። አልወደቀችም።

ልወጣ ስል አባባ ደምሴ ቱቦውን አምጥተው ሰጡኝ። «ውሰጂልኝ። እዚህ ካለ ነገም አጠብቃለሁ፤ እጄን አላምነውም።»

ጎፋ እንደገና፣ ከዚያም ቤት

ጋሽ ተሰማ መለኪያውን ከመሐረቡ አውጥተው መረመሩት። «እግሩ ነበር?»

«ነበር። ከሥሩ አራት የጣሳ ቆርቆሮ ወትፌ... ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መለኪያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ከጣሳ መቁረጥን ማን አስተማረሽ?»

ሙያውን ስማር ዕቃ የጠፋበት ዘመን ነበር፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ለአንድ ቀን ማሳለፊያ ነው ብዬሻለሁ?»

«አላሉኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሁለቱን ለእኔ ስጪኝ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ከአራቱ ቆርቆሮ ሁለቱን ሰጠኋቸው፤ ከመለኪያው ጋር በመሐረቡ ጠቀለሏቸው።

መካኒሳ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሳይ ከማጥበቄ በፊት መፍታትን ነው። የቀሩትን ሁለት ቆርቆሮዎች ከመፍቻ ሳጥኔ ክዳን ውስጥ ለጠፍኳቸው። ከድር እስካሁን «አሰብኩበት» ብሎ አልደወለም። ሌላ ኩሽኔታ ግዢልኝ ብሎም አልደወለም።