የአባቴ ጉርሻ

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጎረሱኝ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ጣና ዳር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ የምንበላበት ዓሣ ቤት ተቀምጠን ነበር። ከተጠበሰው ዓሣ ቆርሰው፣ ዳጣ አስነክተው፣ በእንጀራ ጠቀለሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ለሌላ ሰው መስሎኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ። ማንም የለም።

«በሞቴ፣ እናት ዓለም» አሉ።

እናት ዓለም የተባልሁት እኔ ነኝ። ደንግጬ አፌን ከፈትሁ። ጉርሻው ውስጥ እሾህ ነበረበት፣ ድዴን ወጋኝ። ያንን ጉርሻ ሳልጠብቀው ስጠብቀው ስለ ኖርሁ ግን እሾሁን ቀስ ብዬ በሶፍት አውጥቼ ደበቅሁት።

አባቴ እንዲህ ያሉ ሰው አልነበሩም። በወጣትነታቸው ከደብረ ብርሃን መጥተው እዚህ ባሕር ዳር ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ የፈረቃ ኃላፊ ሆነውም ጡረታ ወጡ። እቤትም ያው የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ። ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁ ጊዜ ካርዴን አገላብጠው አይተው «ሌሎቹ ሰንፈው ይሆናል» ብለው መልሰውልኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቅዳሜ ሲሆን ከከተማው ዳር፣ ሰባታሚት ከሠሩት ቤት በባጃጅ አምጥቼ ዓሣ እጋብዛቸዋለሁ፤ እሳቸውም ባጃጁ ፈጠነ፣ ዓሣው ደረቀ፣ ቀሚስሽ አጠረ እያሉ ይበላሉ።

ከዚያች ጉርሻ በኋላ የባሰ ደግ ሆኑ። መንገድ ስንሻገር እጄን ይይዛሉ። የባጃጁን ሾፌር ይመርቃሉ። ስልክ ደውለው «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ይላሉ፤ አባቴ ስልክ የሚደውሉት አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነበር። ጎረቤቱ «ጡረታ አለሰለሳቸው» አለ። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራሁ። እውነት ለመናገር ያን ሰሞን ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው በከተማው አልነበረም።

አንድ ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ተንቀጥቅጠው ወደቁ።

ኤምአርአይ ተነሡ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን አዲስ አበባ ወሰድናቸው። ቀዶ ጥገናውን የሚያደርገው ሐኪም ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። የአንጎላቸው የፊት ክፍል ላይ ዕጢ አለ፣ ዓይነቱም ክፉው፣ በፍጥነት የሚያድገው ሳይሆን አይቀርም አለን። ከዚያ «ጠባያቸው ላይ ለውጥ አይታችኋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ኧረ ምንም ክፉ ነገር የለም» አልሁ ቀደም ብዬ። «እንዲያውም ደግ ሆነዋል። ያጎርሱኛል።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። «ከመቼ ጀምሮ?»

የዚያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ወይም ምንም ያልገባኝ። ያ ቦታ ሲነካ አንዳንዱ ቁጡ ይሆናል፣ አንዳንዱ ልጓሙ ይላላል አለ ሐኪሙ፤ ይህንንም ብዙ ጊዜ የተናገረው ነገር እንደሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። እኔ ያሰብሁት ስለ ሻማው ነበር። ለዕጢ ነበር ምስጋና ያቀረብሁት?

ወንድሜ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ያስተምራል። ቀዶ ጥገናውን ስንጠባበቅ የሆስፒታሉ ሻይ ቤት ቁጭ አድርጎ፣ ውጭ አገር ስለሚሞከር ሕክምና ያስረዳኝ ጀመር። እያንዳንዱ ሕዋስ ላይኛው ገጹ ላይ ብቅ ብቅ ያሉ ፕሮቲኖች አሉት፤ ከጎረቤቱ የሚነጋገረው፣ «እደግ» ወይም «ተው» የሚባለውን መልእክት የሚቀበለው በእነሱ ነው። የዕጢው ሕዋስ አንዳንዶቹን ከልክ በላይ ያበዛል። እንግዲህ ሐኪሞቹ ያንን የበዛውን ዒላማ አድርገው መድኃኒት ይልካሉ፣ ወይም የበሽተኛውን የራሱን ተከላካይ ሕዋሳት አውጥተው፣ «ይህን ያለበትን ምቱ» ብለው አሠልጥነው ይመልሷቸዋል።

«ታዲያ ይምቱታ!» አልሁ።

«ቀላል አይደለም። ዕጢው ውስጥ ያ ፕሮቲን ያላቸውም የሌላቸውም ተቀላቅለው ነው ያሉት። ያላቸውን ስትመቺ የሌላቸው ይተርፉና ይራባሉ። በዚያ ላይ ጤነኛውም ላይ አለ።»

«ቆይ፣ ቆይ። ታዲያ ፕሮቲኑ የማን ነው? የበሽታው ነው ወይስ የአባባ?»

«የአባባ ነዋ! ዕጢው ከሌላ አገር አልመጣም፣ የራሳቸው ሕዋስ ነው። ጤነኛው ላይ ጥቂት ነው ያለው፣ ዓይን አይሞላም። ዕጢው አበዛው እንጂ አልፈጠረውም።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። «ደግነታቸውስ? እሱም እንደዚያ ነው?»

«አንቺ ደግሞ!» ተቆጣ። «ፕሮቲንና ጠባይን ምን አገናኘው? እኔ የማወራሽ ስለ ሕዋስ ነው።»

እንደማይገናኝ አላጣሁትም፤ ያን ያህል መሃይም አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ነጥዬ ማሰብ አቃተኝ። ደግነታቸው ጥቂት ነበረና በዛ? ወይስ ከነጭራሹ አልነበረም? ሌሊትና ቀን የፈለግሁት መልስ ይኸው ብቻ ነበር።

ከቀዶ ጥገናው በነቁ በማግስቱ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ነበር። ጭንቅላታቸው በፋሻ እንደ ተጠመጠመ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ሥራ የለሽም?»

ወንድሜ «አባባ ተመለሱ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስሁ። በደስታ ይሁን በሐዘን ብትጠይቁኝ አላውቅም። አንዱ አባቴ ድኖ ሌላው አባቴ የሞተ ይመስለኝ ነበር፤ ለቅሶ ደግሞ ማንም አይደርሰኝም።

ጸሎቱም ተምታታብኝ። «ጤናቸውን መልስልኝ» ስል የምለምነው ቁጣቸውን ነው። «ፍቅራቸውን መልስልኝ» ስል የምለምነው ዕጢውን ነው። በመጨረሻ እንደ ፈቃድህ ብዬ እወጣ ጀመር፤ ያም ከልቤ አልነበረም።

የጨረር ሕክምናውን ጨርሰን ባሕር ዳር ስንመለስ፣ ወንድሜ ከዕጢው የተወሰደውን ናሙና ሙከራው ወደሚካሄድበት የውጭ ሆስፒታል አስልኮ ነበር። መልሱ መጣ። ፕሮቲኑ በአንዳንዱ ሕዋስ ላይ ሞልቷል፣ በአንዳንዱ ላይ ምንም የለም፤ ስለዚህ ለአሁኑ አይቀበሏቸውም። በሽታው ከተመለሰ ግን የሕዋሶቹ ገጽ ተለውጦ ሊመጣ ስለሚችል፣ አዲስ ናሙና ሳይዘገይ ይላክ፣ ያኔ እንደገና እናያለን ብለዋል።

«ስለዚህ ምልክት ባየሽበት ቅጽበት ትደውይልኛለሽ» አለኝ ወንድሜ። «አንድ ቀንም ማሳደር የለም።»

«ምልክቱ ምንድን ነው?»

«ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መንገዳገድ» አለና የሻይ ማንኪያውን አዟዟረው። «ደግሞ… ደግ ከሆኑ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ቅዳሜ ሁሉ ዘበኝነት ሆነብኝ። አባቴ አስተናጋጁን «ተባረክ» ካሉት ልቤ ትወርዳለች። «ይህን ዓሣ ዛሬ ነው ያጠመዳችሁት ወይስ አምና?» ሲሉት ደግሞ ነፍሴ መለስ ትላለች። ልጅ ሆና አባቷ እንዲሰድቧት የምትመኝ ሴት ካለች እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ሲስሉ እንደ መሳቅ ቢያደርጋቸው ትከሻቸውን ይዤ «ምን ሆኑ?» ብዬ ጮህሁ፤ ዓሣ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ስለ ስልኬ እየተቆጡኝ ነበር። አንገቴን ሰበር አድርጌ ሳለሁ ዓይኔ እጃቸው ላይ ዐረፈ። አፋቸው እየተቆጣ ጣቶቻቸው ዓሣውን ይፈትሻሉ። እሾሁን አንድ በአንድ ነቅለው የትሪው ጠርዝ ላይ ይደረድራሉ፤ የጠራውን ሥጋ ሳያዩኝ ወደኔ በኩል ይገፉታል። ከራሳቸው በኩል የቀረው ጭንቅላቱና ጅራቱ ነው።

«አባባ» አልሁ፣ «ይህን ነገር መቼ ጀመሩት?»

«ምኑን?»

«እሾህ መልቀሙን።»

«ጥርስ ያወጣሽ ጊዜ ነዋ! እኔ ዓሣ የማይታወቅበት አገር የተወለድሁ ሰው፣ እዚህ የመጣሁ ሰሞን ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቶብኝ ለጥቂት ነው የተረፍሁ። ብዪ ይልቅ፣ ይቀዘቅዛል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ትሪ በልቻለሁ። ዓሣ የሚሰነጥቁት ለራሳቸው፣ የተረፋቸውን ወደኔ የሚገፉት ይመስለኝ ነበር። ማታውን ለወንድሜ ደውዬ «ጥቂት ነበረ» አልሁት። ስለ ምን እንደማወራ ገባውና የዚያን ቀን አልተቆጣኝም።

ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ። ቅዳሜ ነው፣ ሐይቁ ገና ከጎርፉ አልጠራም። አባቴ ከባጃጁ ሲወርዱ ሾፌሩን የእናቱን ጤና ጠየቁት። በልቤ ዓውደ ዓመት ስለሆነ ነው አልሁ። ቀሚሴን አይተው «አምሮብሻል» አሉ። ቀሚሱ እንዲያውም አጭር ነበር። አስተናጋጁ ዓሣውን ሲያመጣ «እጃችሁ ይባረክ» አሉት፣ እኔም ትሪውን ማየት ጀመርሁ።

ቆረሱ፣ ዳጣ አስነኩ፣ ጠቀለሉ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ፊታቸው በርቷል።

«በሞቴ፣ እናት ዓለም።»

የትሪውን ጠርዝ አየሁ። ባዶ ነው፣ አንድም እሾህ አልተደረደረበትም።

አፌን ከፈትሁ። ቀስ ብዬ አላመጥሁ፣ በምላሴም ፈለግሁ። አገኘሁት። ቀጭንና ረጅም ነበር። አውጥቼ እሳቸው ይደረድሩበት በነበረው ጠርዝ ላይ አስቀመጥሁት፤ እሳቸው ልብ አላሉትም።

«ጣፈጠሽ?»

«ጣፈጠኝ፣ አባባ።»

ሳቁና ሌላ መጠቅለል ጀመሩ። በግራ እጄ ስልኬን አወጣሁ። ወንድሜ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው፣ «ምነው፣ ምን ሆኑ?» አለ።

«አጎረሱኝ» አልሁት።

አባቴ ቀና ብለው ማንን እንደማወራ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

«ለሱም አለው፣ ቶሎ ይምጣ በዪው» አሉ ጉርሻውን ወደ አፌ እያስጠጉ።