በበዓለ ሃምሳ የጾመችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከምትሮጥበት ክለብ የወላጅ ቅጽ ይዛ መጣች። እዚህ ሞጣ አሁን ነገሩ ሁሉ በቅጽ ሆኗል። የደም ዓይነት፣ የወላጅ ስልክ፣ የቆየ ሕመም ካለ፣ ልምምድ ሲያልቅ ማን እንደሚወስዳት፣ ሁሉንም ይጠይቃል። ጥሩ ነው፤ አልተቃወምኩም። ስሞላው ግን እጄ ቆም እያለ ሐሳቤ ወደ ቢቸና፣ ልጅ ሆኜ ወደሮጥኩበት ሜዳ ሄደብኝ።

ያኔ ቅጽ የሚባል ነገር አልነበረም። ቡድናችን ማለት አሥራ አምስት የምንሆን ልጆችና አንድ አሰልጣኝ ነው። ጋሼ ሰይድ ከሐረር ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበር፤ ከሥራ መልስና ቅዳሜ ጧት በራሱ ፈቃድ ያሰለጥነናል። ሜዳው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው፤ የባሕር ዛፍና የእርጥብ ሣር ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የምንሮጠው በኮንጎ ጫማ ነበር። እግራችን በላብ ሲሟለጭ ጫማውን በሲባጎ ጠፍረን እናስረዋለን፤ ኩራታችን ግን የዓለም ሻምፒዮን ነበር።

ጋሼ ሰይድ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አሰልፎን «ያልበላ አለ?» ይላል። የጤና ባለሙያ ነውና መጠየቁ ልክ ነበር። የማያውቀው አስተዳደጋችንን ነው። በእኛ አገር ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ሰው «ብላ» ሲለው «በልቻለሁ» ማለትን ነው። ጎረቤት ሄዶ የበላ ቤቱ ሲመለስ ቁንጥጫውን ይቀምሳል። እናቴ «ሆድ ከአገር ይሰፋል» ትል ነበር፤ የቤቱን ገመና ችሎ የያዘ ነው ሰው ማለቷ ነው። ስለዚህ ጋሼ ሰይድ በጠየቀ ቁጥር፣ የበላነውም ያልበላነውም በአንድ ድምፅ «በልተናል!» እንላለን።

ውባለም ብቻ «ጾም ነኝ» ትል ነበር። ውባለም የክፍሌ ልጅ ናት፤ እግሯ ቀጭን፣ ሳቋ ትልቅ፣ በሺህ አምስት መቶ ሜትር የሚቀድማት የለም። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። በሁዳዴ ሁላችንም ጾመን እንደዚያው ስለምንል ማንም ልብ አላላትም፤ ጋሼ ሰይድም ያን ሰሞን ልምምዱን ያቀልልን ነበር። ፋሲካ አለፈ፤ ውባለም ግን «ጾም ነኝ» ማለቷን አልተወችም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም የቢቸና ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ጋሼ ሰይድ ግን ሙስሊም ነው፤ የእኛን አጽዋማት ቆጥሮ አያውቅም፤ እምነቷን የነካ እንዳይመስልበትም አይመረምራትም። እኛ ደግሞ መሬት መሬት እናያለን።

እናቷ ታማ ከተኛች መሰንበቷን፣ አባትም ቤት ውስጥ እንደሌለ አውቅ ነበር። ለጋሼ ሰይድ ልንገረው ብዬ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አንደኛ ነገር ገመና ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ሞጣ ላይ የሚደረገው የሩጫ ውድድር ደርሶ ነበር፤ በሺህ አምስት መቶ ሜትር ከአንድ ቡድን የምትሮጠው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ውባለም ከቀረች የምሮጠው እኔ ነኝ። ብናገር ቦታዋን ፈልጌ የተናገርኩ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ቦታዋንም እፈልገው ነበር፤ የገዛ ልቤን አላመንኩትም።

ወደ ሞጣ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቅዳሜ ከሜዳው በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ ውባለም ከፊቴ ነበረች። አናቱ ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ጉልበቷ ከዳትና በግንባሯ ተደፋች። ጋሼ ሰይድ ሮጦ መጥቶ እግሯን ከፍ አድርጎ ያዘ፤ ስትነቃ ስኳር በውሃ በጥብጦ አጠጣት። «ዛሬም ጾም ነሽ?» አላት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ በዓለ ሃምሳ ነው» አልኩ። «ጾም የለም።»

ውባለም ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጋሼ ሰይድ ማንንም ሳይቆጣ ደግፎ ወደ ቤቷ ወሰዳት።

ማክሰኞ ዕለት የጨርቅ ከረጢት ይዞ መጣና አዲስ ሕግ አወጣ። ሁሉም ከቤቱ ያገኘውን ቆሎ በጭብጡ ይዞ ይመጣል፤ እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ይለቀዋል። ከዚያ ከረጢቱ ይዞራል፤ ሳይበሉ መሮጥ የለም። መጀመሪያ እሱ ራሱ ሁለት እፍኝ ጨመረ። «ያልበላ አለ?» የሚለውን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወው። ውባለምን ግን ሰውነቷ እስኪጠና ውድድር የለም አላት። አለቀሰች፤ እሱም ቃሉን አላጠፈም።

ሞጣ በአይሱዙ ተጭነን ሄድን፤ እሷም አብራን ነበረች። በቦታዋ ሮጬ አራተኛ ወጣሁ። ከዳር ቆማ «ክንድሽን ወዝውዢ!» እያለች ጮኸችልኝ፤ ውድድሩ ሲያበቃ ግን ዘጋችኝ፤ እስከ ክረምት አላነጋገረችኝም።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከረጢቱ ዘንድ ተከታትለን ስንደርስ፣ ባዶ እጇን ጨብጣ ስታስገባ አየሁ። ቆሎ ሲወርድ ድምፅ አለው፤ የእሷ ድምፅ አልነበረውም። ጋሼ ሰይድ ከረጢቱን ይዞ ወደ ዳገቱ ያያል። እኔም ዝም አልኩ፤ ያን ዝምታዬን ግን አልጸጸትበትም።

ውባለም አሁን ደብረ ማርቆስ ናት፤ ወልዳ ከብዳለች። ስንገናኝ ስቀን አንጠግብም፤ ያን ቅዳሜ ግን አንስተነው አናውቅም። ጋሼ ሰይድ ወደ አገሩ ከተዛወረ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም፤ ይናፍቀኛል።

ቅጹን ሞልቼ ፈረምኩ። ከዚያ አንድ ከረጢት ቆሎ ልጄ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩና፣ ከሩጫው በፊት ለሁሉም አዙሪ፣ ማንንም ግን በልተሃል ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂ አልኳት።

ፊቷን አኮማተረች። «እማዬ ደግሞ! ሁሉም ቤቱ በልቶ ነው እኮ የሚመጣው።»

«እኛም እንደዚያ ነበር የምንለው» አልኳት።