ስም ያልተጠራበት መሐላ

ኦድጌይር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል። ከዚያ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ዓሣ አጥምዷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ማዕበል ሲፈራ አላየሁትም፤ የሚፈራው መናገር ነው። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህማ ጭራሽ አፉን ዘጋ። በቀን ከሚናገረው ግማሹ ለተማሪዎቹ «ቀበቷችሁን እሰሩ» የሚላቸው ነው።

በመንደራችን የጥንቶቹን የሰሜን አገር አማልክት፣ ኦዲንን፣ ቶርንና ፍሬይን የምናከብር አሥራ ዘጠኝ ነን። የምንሰበሰበው ባሕሩ ዳር ባለው ሜዳ ላይ እሳት አንድደን ነው። ጠጅ የተሞላ ቀንድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መማል የፈለገ ደግሞ ካህኗ የያዘችውን፣ አምባር የሚያህል የናስ ቀለበት ጨብጦ ይምላል። አባቶቻችን በመርከብ ወደዚህ ደሴት በመጡበት ዘመን ቀለበቱ ደም ይቀባ ነበር። እኛ ደሙን ትተናል፤ መሐላው ግን ያው ነው። ቃሉን ያልፈጸመ ሰው እስኪፈጽም ድረስ ከቀንዱ አይጠጣም።

ዘንድሮ በክረምቱ አጋማሽ ግብዣ ላይ ኦድጌይር ድንገት ብድግ ብሎ ቀለበቱን ጨበጠ።

«የበጋው መጀመሪያ ቀን ሳያልፍ፣ የምወዳትን ሴት አግቢኝ እላታለሁ» አለና ቁጭ አለ።

ስሟን ግን አልጠራም! እንዲህ ዓይነት ሞኝነት ከእሱ በቀር ማን ይሠራል?

ከዚያማ መንደሩ ታመሰ። ዳቦ ጋጋሪዋ ራድሂልዱር በየሳምንቱ ኬክ ትልክለት ጀመር፤ እሱም ደስ ብሎት ይበላል። ካህናችን ስቴይንቮር፣ ልጆቿ ከተማ ከገቡ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር የበግ ሐኪም ናት፤ እሷም መንገድ ላይ አስቁማ መከረችው።

«ራድሂልዱር ናት አይደል? ጥሩ ሴት ናት። ቶሎ ጠይቃት እንጂ!»

ኦድጌይር ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ መጣ።

«ስማ ሃልቫርዱር፤ ስቴይንቮር ናት።»

«ስቴይንቮር ምን ሆነች?»

«ሴትየዋ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ አንተ ጅል?»

«እምቢ ብትለኝስ? በየበዓሉ ፊቷ መቆሜ አይቀር።»

«ካልጠየቅካት ደግሞ ቃሉን የበላ ሰው ሆነህ ነው የምትቆመው። የቱ ይብሳል?»

ኮፍያውን አጥልቆ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ተናደድኩበት፤ አሳዘነኝም።

የበጋው መጀመሪያ ቀን በእኛ ደሴት ሚያዝያ ላይ ነው፤ እንደ ወጉም በረዶ ጣለ። እሳቱን ከበን ቆምን፤ ስቴይንቮር የማሉትን ሁሉ በየተራ ጠየቀች። ሲጋራ አቆማለሁ ያለው ጎረቤታችን አንገቱን እንደደፋ ቀንዱ አለፈው፤ ሳቅንበት። ከዚያ ኦድጌይር ዘንድ ደረሰች።

«ኦድጌይር፣ ቃልህን ፈጽመሃል?»

«ገና ነኝ።»

«ቀኑ እኮ ዛሬ ያልቃል።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስቴይንቮር፣ አግቢኝ።»

«ያንን ሁሉ ኬኬን በልተህ!» ብላ ራድሂልዱር ጮኸች፤ ሜዳው በሳቅ ተሞላ።

ስቴይንቮር ብቻ አልሳቀችም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። «መሐላው ተፈጽሟል» አለች፣ ሥራዋ ነውና፤ ቀንዱንም አቀበለችው። ኦድጌይር ግን አልጠጣም። ቀንዱን እንደያዘ ዓይን ዓይኗን ያያል። በረዶው ጠጁ ውስጥ ይገባል።

ካህን ራሷ በያዘችው ቀለበት አትምልም። ስለዚህ ቀለበቱን ለእኔ ሰጠችኝና ጓንቷን አውልቃ ጨበጠችው።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች፣ «ራቴን ብቻዬን አልበላም።»

ኦድጌይር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀሰ። እኔም ቀለበቱን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም፣ አንዱን ከነቀለበቱ ስቴይንቮር፣ ሌላውን ኦድጌይር ይዘውት ነበር።